ከሰሌዳው ሥር የጻፍሁት

«ይቅር በለው፣ እለፈው» የሚሉኝን ሰዎች አልወድም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ መጨረሻ ላይ ንስሐ ይገባል ብላችሁ እንዳትጠብቁኝ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚቆጨኝ ነገር አለ፤ እሱን አልደብቃችሁም። በሰውየው ላይ ስላደረግሁት ነገር ግን ዛሬም አልቆጭም።

ነገሩ የሆነው ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ውስጥ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነው። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ቂም ለመያዝ ሰፊ ጊዜ ነበረኝ። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል አማርኛ የሚያስተምሩት እትዬ አያልነሽ ነበሩ። እኔንም በልጅነቴ ሌላ ትምህርት ቤት አስተምረውኛል። እናቴ ጉልት ውላ እስክትመጣ ድረስ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ከምሳቸው ያካፍሉኝ ነበር። እናቴ የሞተች ዕለትም ከዘመድ ቀድመው የደረሱት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ለእኔ ምን እንደነበሩ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እትዬ አያልነሽ ከሃያ ዓመት በላይ የጠመኔ ብናኝ ሲውጡ ኖረዋል። በዚያ ዓመት ደረታቸው ባሰባቸው። ጥቁር ሰሌዳውን ጠርገው ሲጨርሱ ወንበራቸውን ይዘው ትንፋሽ እስኪመለስላቸው ይቆማሉ። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ጸበል ሲሄዱ እንኳ ለጎረቤት «አባቴን ልጠይቅ ዘጌ ደርሼ ልምጣ» ነበር የሚሉት። ለምን እንደሚደብቁ አይጠፋችሁም። እኛ አገር አንድ ሰው ደረቱን ታመመ ከተባለ የሚጠጣበት ኩባያ ይለያል። በሽታው ምን እንደሆነ እስኪጣራ የሚጠብቅ የለም።

አንድ ቀን የአጎቴ ልጅ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሄጄ ከአዲስ አበባ የመጣለትን ካርቶን ሲፈታ አገኘሁት። በውስጡ እንደ ላስቲክ የሳሳ ነጭ ጥቅል ነበር።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?» አልሁት።

«ሰሌዳ ነው። ቀደድ አድርገህ ግድግዳ ላይ ታሳርፈዋለህ፤ ራሱ ይይዛል። ሙጫ አይል፣ ሚስማር አይል። በማርከር ትጽፋለህ፣ በጨርቅ ታጠፋለህ፣ ስትፈልግ ልጠህ ሌላ ቦታ ትለጥፋለህ።»

«እና ምን ይዞት ነው የሚቆመው?»

«ሹራብ ስታወልቅ ፀጉርህን የሚያቆመው ነገር ነው አሉ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ፊዚክሱን አንተ እወቀው።»

ጥቅሉን ይዤ በማግሥቱ ለእትዬ አያልነሽ ወሰድሁላቸው። መጀመሪያ በቁመቴ ልክ ግድግዳው ላይ አሳረፍሁት፤ የግድግዳው የላይኛው ግማሽ ኖራ የተቀባ ስለነበር ተንሸራቶ መሬት ወረደ። ደግሜ ሞከርሁ፤ ደግሞ ወረደ። እትዬ እየሳሉ ሳቁብኝ። ከዚያ ቀበል አደረጉኝና የልጆች እጅ እንዳያቆሽሸው ዘይት ቀለም በተቀባው የታችኛው ግማሽ ላይ በመዳፋቸው ዳሰስ አድርገው ለጠፉት። ጥብቅ ብሎ ቀረ። ችግሩ እዚያ ላይ ለመጻፍ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል።

«እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ከምቀመጥ ልጆቹ ይጻፉበት» አሉ።

ነገሩ ሁሉ ከዚህች ቃል ተነሣ። ልጆቹን በቡድን ከፍለው ለየቡድኑ አንድ አንድ ሰሌዳ ሰጡ። ልጆቹ ወለል ላይ ተቀምጠው ይጽፋሉ፤ ሲጨርሱ ሰሌዳቸውን ከነጽሑፉ ልጠው የእኔ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። የእኔ ተማሪዎች ስሕተቱን ያርማሉ፣ የራሳቸውን ደግሞ ወደዚያ ይልካሉ። ሁለቱ ክፍሎች ስሕተት እንዳይገኝባቸው ሲሉ የሚያደርጉትን ጥንቃቄ ብታዩ ትገረሙ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ብናኝ የሚባል ነገር ከክፍሉ ጠፋ፤ የእትዬም ሳል ረገብ አለ።

እንግዲህ ሰውየው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ መምህራችን አቶ ደምሰው ይባላል። ሁልጊዜ ሙሉ ልብስ የሚለብስ፣ ጫማው የማይቆሽሽ፣ ሰው ሲያወራ «እሺ፣ እሺ» እያለ የሌላ ሰው ሐሳብ የሚለቅም ሰው ነበር። አንድ ቀን በራችን ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ሲያይ ቆይቶ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት በስብሰባ ላይ «በእኔ ጥናት የተዘጋጀ አዲስ የማስተማር ዘዴ» ብሎ አነበበልን። እትዬ አያልነሽ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ዝም አልሁ።

ከገና በፊት ባለው ሳምንት ቢሮው ጠራቸው። ሲወጡ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው።

«ምን አለዎት?»

«ያችን የቀረችውን ሳል ሰምቷት ኖሯል። 'ሳልሽ ለወላጅ አይመችም፤ ላልተወሰነ ጊዜ ዕረፍት ውሰጂ' አለኝ። በል ሹራቤን አቀብለኝ።»

«አንቺ ነው የሚልዎት?»

«ተወው ልጀ። ስትፈልገኝ ዘጌ ነኝ።»

ሹራባቸውን ደርበው ወጡ። የእሳቸው ክፍል ሰሌዳዎች በዚያው ቀን ተልጠው ወደ አዳራሹ ተወሰዱ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እኔም አንቱታዬን ነፈግሁት። ፊቱ ላይ «እርስዎ» እላለሁ፤ በልቤ ግን «ቆይ አንተ» ነበር የምለው።

በጥር መጨረሻ፣ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ወላጆችና ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚመጡ እንግዶች ዘዴውን እንዲያዩ ተጠሩ። በአዳራሹ የሚታዩት ተማሪዎች የእትዬ አያልነሽ ተማሪዎች ነበሩ። ሰውየው አንድ ሳምንት ሙሉ አሠለጠናቸው። በተለይ አንድ የሚወዳት ነገር ነበረችው። መሐል ያለውን ትልቁን ሰሌዳ በአንድ እጁ ላጥ ያደርግና «ሙጫ የለ! ሚስማር የለ!» ይላል። ልጆቹም ሰሌዳ ላይ ጽሑፍ በታያቸው ቁጥር አስተማሪ ሳያዛቸው በአንድ ድምፅ እንዲያነቡ ለምደዋል።

ይህን ልምምድ ቆሜ ሳይ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሰውየው ራሱን በራሱ እጅ እንዲያጋልጥ ማድረግ ይቻላል። ደስታዬን ልገልጽላችሁ አልችልም፤ ምግብ እንኳ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ ለእትዬ ደወልሁ። ያሰብሁትን አልነገርኋቸውም፤ «ቅዳሜ አንድ ነገር ይሰማሉ» ብቻ አልኋቸው።

«ምን ልታደርግ ነው ይበልጤ?»

«እሱ ያደረገውን አይቶ ዝም የሚል ሰው እኔ አይደለሁም።»

«ታገስ ብየሃለሁ። እኔ የያዝሁት ነገር አለ። ለማንም አትተንፍስ እንጂ እየተስተካከለ ነው። አንተ እጅህን ሰብስብ።»

«እሺ እትዬ» አልሁ። እጄን ግን አልሰበሰብሁም። ምን እንደያዙም አልጠየቅሁ። ሰው ቂሙ ሲጣፍጠው ጆሮው አይሠራም።

ዓርብ ከሰዓት አዳራሹን እንዳዘጋጅ የታዘዝሁት እኔ ነበርሁ። ካርቶን ላይ የሚጻፍበትን፣ በጨርቅ የማይጠፋውን ማርከር ይዤ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። እስከ ላይ ዘይት ቀለም በተቀባው ግድግዳ መሐል አንድ ሰሌዳ ለጥፌ በትልልቅ ፊደል ሦስት መስመር ጻፍሁ።

«ይህን ዘዴ ያገኙት እትዬ አያልነሽ ናቸው።

አቶ ደምሰው ሐሳባቸውን ቀማቸው።

ጠመኔ ደረታቸውን ስላሳመማቸው አባረራቸው።»

ሁለቱ መስመር ይበቃኝ ነበር። ሦስተኛውን የጻፍሁት ሰው ሁሉ አብሮኝ እንዲጠላው ነው። እጄ ለአፍታ ቆም ብሎ ነበር፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ» ብዬ ራሴን ሸነገልሁና ጨረስሁት።

ሰሌዳው ስስ ስለሆነ ጥቁሩ ቀለም አሳልፎ እንዳይታይ በላዩ አንድ ባዶ ደረብሁ፤ ከዚያ በላይ ደግሞ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን የእሱን። ስሞክረው ሦስቱም ተያይዘው መጡ። ሹራቤን አወለቅሁና የታችኛውን ብቻ ደጋግሜ አሸሁት። ሁለተኛ ስሞክረው የላይኞቹ ሁለቱ ወጡ፣ የእኔው ግድግዳው ላይ ቀረ። መልሼ ደረብኋቸው። በሩ ድረስ ሄጄ አየሁ፤ ምንም አይታይም።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሰብለ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ከጽሕፈት ቤቱ የመጡት ሰውዬ አሉ። ከሐይቁ በኩል የሚገባው ነፋስ በመስኮት የሰሌዳዎቹን ጠርዝ እያነሣ ሲያስቀምጥ ልቤ አብሮ ይነሣል። «መስኮት ይዘጋ» ብዬ ራሴ ተነሥቼ ዘጋሁ።

ከዚያ የባሰ መጣ። ሰውየው ጠጋ ብሎ «ብርሃኑ ያንጸባርቃል፤ መሐሉን ትንሽ ወደ ግራ አዛውረው» አለኝ።

«አሁን ከነካነው ይሸበሸባል፤ በእንግዳ ፊት ያሳፍርዎታል» አልሁት። ማፈር የሚለውን ቃል ሲሰማ ተወው።

ንግግር አደረገ። «ይህን ዘዴ ሳስብ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። በመጨረሻ ወደ መሐሉ ሰሌዳ ሲሄድ ከጽሕፈት ቤቱ የመጡት ሰውዬ ብድግ አሉ።

«እስቲ እኔ ልሞክረው?»

እሳቸው ቀስ ብለው ከላጡት የላይኛው ብቻ ይመጣና ባዶው ይቀራል። ግን አቶ ደምሰውን አውቀዋለሁ፤ ጭብጨባውን ለማንም አያካፍልም።

«አይ፣ መጀመሪያ እኔ ላሳይዎ» አለና ጥጉን ያዘ። «ሙጫ የለ! ሚስማር የለ!»

ላጥ አደረገው። ሁለቱ አብረው መጡ። እሱ ፊቱ ወደ ሕዝቡ ስለነበር ከኋላው ያለውን አላየም። ፈገግ እንዳለ ቆመ።

ልጆቹም እንደለመዱት በአንድ ድምፅ አነበቡ። «ይህን፣ ዘዴ፣ ያገኙት፣ እትዬ፣ አያልነሽ፣ ናቸው!» የመምህራቸውን ስም ሲያገኙ ድምፃቸው ጨመረ። «አቶ፣ ደምሰው፣ ሐሳባቸውን፣ ቀማቸው!» እሱ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደተሰቀለ ዞረ። ሦስተኛውን መስመር እየዞረ ሳለ ጨረሱለት።

እሱም ዘሎ በእጅጌው ጠረገው፤ አልጠፋም። በመሐረብ ጠረገው፤ አልጠፋም። ጎትቶ ላጠውና ሊጨመድደው ሲል ሰሌዳው ወደ ኮቱ ሳበና ደረቱ ላይ ልጥፍ አለ። ሲያላቅቀው ክንዱ ላይ፣ ከክንዱ ሲያራግፈው ጭኑ ላይ። አንዱ ሲስቅ ሌላው ተከተለ። ስልክ ያልቀሰረ አልነበረም። «ሙጫ የለ!» አለ ከኋላ አንድ አባት፤ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

«ማነው? ማነው ይህን ያደረገው?»

ተነሣሁ። «እኔ ነኝ። እውነት ካልሆነ ውሸት ነው በሉ።»

«ውጣ! ከዚህ ግቢ ውጣ!»

ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀና ብዬ ተራምጄ አላውቅም። ስወጣ ወይዘሮ ሰብለ ሁለት እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው አየኋቸው፤ በሰውየው አፍረው መሰለኝ። በሩ ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ደረሰችብኝ።

«መምህር፣ የአማርኛ አስተማሪዋ ደረታቸውን ታመው ነው እንዴ የሄዱት?»

«አዎ፤ በጠመኔው ነው።»

«ልጄ እኮ ፊት ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው» አለችና የልጅቷን እጅ ጠበቅ አድርጋ ፈጥና ሄደች። እኔ ድል አድራጊ ነበርሁ፤ አላስተዋልኋትም።

እሑድ ጠዋት በመጀመሪያው ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ሥራዬን አጥቻለሁ፤ ግን እንደ ሙሽራ ነበር ደስ የሚለኝ። ከወደቡ በቡናው መሐል ያለውን መንገድ ወጣሁ። እትዬ አያልነሽ ደጃፋቸው ላይ የተሰጣ ቡና ይገለብጣሉ። እንደወትሯቸው ብድግ ብለው አልሳሙኝም።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጥ።»

«ሰሙ?»

«ቪዲዮው ትናንት ደረሰኝ። ልጆቼ ድምፃቸው አምሮ ነበር።»

«ኮቱ ላይ ሲለጠፍበት አዩልኝ? ሲያራግፍ...»

«አየሁ።» እጃቸውን ከቡናው አራገፉ። «ይበልጤ፣ ማን ጠየቀህ?»

ገብተው አንድ የታጠፈ ወረቀት አመጡና ሰጡኝ። ከሐኪም የተጻፈ ነው። ሕመማቸው አስም እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ጠመኔ በሌለበት ክፍል ማስተማር እንደሚችሉ ይላል።

«ወይዘሮ ሰብለን ሁለት ጊዜ ሄጄ አነጋግሬያቸዋለሁ። ወረቀቱን አይተው ተቀበሉኝ። 'ብቻ ወሬው ወላጅ ዘንድ እንዳይደርስ፤ በዝምታ ትገቢያለሽ' አሉኝ። ሰኞ ልመለስ ነበር።»

«የትኛው ሰኞ?»

«ነገ።»

አንገቴን ደፋሁ። «ለምን አልነገሩኝም?» አልሁ።

«ታገስ አላልሁህም? የያዝሁት ነገር አለ አላልሁህም?»

«ወረቀቱን ለወላጆች እናሳያቸው።»

«ወይዘሮ ሰብለ ትናንት ሲደውሉልኝ እኔም ይህንኑ አልኋቸው። 'አያልነሽ፣ ስልኬ ከወላጅ አልተላቀቀም። ወረቀት ማን ያነባል? የገዛ ልጆቻቸው በአንድ አፍ ነግረዋቸው' አሉኝ።»

«እሱስ?»

«ተባሯል። ደስ ይበልህ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ እሳቸው ፊቴ ተቀምጠው፣ ውስጤ አንድ ነገር ደስ አለው። ይህን ያወቁብኝ ይመስለኛል።

«ደምሰው የቀማኝ ሥራዬን ነው ልጀ። ሥራ ይመለሳል፤ ልመልሰውም ነበር። አንተ ግን ስንት ዓመት ደብቄ የኖርሁትን በልጆቼ አፍ አሳወጅኸብኝ። ከእንግዲህ እኔ ክፍል ስገባ የትኛዋ እናት ናት ልጇን አስገብታ የምትሄድ?»

አለቀስሁ። አላባበሉኝም። ጀልባው ሊሄድ ሲል «ምሳ ሳትበላ አትሂድ» ብለው ያለውን አቀረቡልኝ፤ እምቢ ማለት አፍሬ በላሁ።

በዚያ ሳምንት የወረቀቱን ቅጂ ይዤ በወላጆች ቤት ዞርሁ። ሁሉም በክብር አስቀመጡኝ። «አይ፣ እኛስ ምንም አላልንም፤ እግዜር ይማራቸው» አሉኝ። አንዱ አባት ወረቀቱን ሳይዘረጋ መለሰልኝና እጁን ሲታጠብ አየሁት። ከዚያ በኋላ መዞሬን ተውሁ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ስለ ሌላ ሰው ብላችሁ የተበሳጫችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። በቀል ኃጢአት ነው የሚለውን ስብከት ለሰባኪዎች ትቻለሁ። እኔ የምላችሁ፣ የተበደለው ሰው ቁጭ ብሎ ሳለ ሳትጠይቁት አትነሡ። እኔ «ለእሳቸው ስል» እያልሁ የራሴን ጥም ነበር ያረካሁት። ለእሳቸው ብዬ ቢሆን ኖሮ በሁለት መስመር አበቃ ነበር። ሥራ የቀየርሁት፣ ሰው በደሉን ሲነግረኝ «ምን እንዳደርግልህ ትፈልጋለህ?» ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁንም ግን ያን ሰው በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ሳገኘው ደሜ ይፈላል፤ ሰላምታውንም አልመልስም።

ምክንያቱም እሱ በሁለት ወሩ ሌላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኖ ተቀጥሯል። እዚያም ግድግዳውን በሰሌዳ ሞልቶ፣ ለእንግዳ እየላጠ ያሳያል አሉኝ። እትዬ አያልነሽ ግን እስከ ዛሬ ክፍል አልገቡም።